አሥራ ሁለት ቁጥር

«ሰባት ቁጥር ቀልቷል» አለ ባሌ ከጀርባዬ ሆኖ።

ባሌ ሰዓት ሰሪ ነው። ያቺን አንድ ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ጥቁር ማጉያ ሰክቶ፣ እኔን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ፣ እንደቆመ ሰዓት ከፍቶ ያየኝ ነበር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጀርባዬ ላይ ሃያ አራት ትንንሽ ካሬዎች በፕላስተር ተለጥፈዋል። በእያንዳንዷ ካሬ ሥር የአንድ ነገር ቅንጣት አለ፤ ብረት፣ ጎማ፣ ሽቶ፣ ሙጫ፣ ሳሙና ውስጥ የሚገባ ምናምን። ቁጥሩን ነርሷ በማይለቅ እስክሪብቶ ቆዳዬ ላይ ጽፋዋለች። ሁለት ቀን ሙሉ ጀርባዬን ውሃ አልነካውም፤ ሁለት ሌሊት በሆዴ ተኝቼ አንገቴ አንዴ ወደ ግድግዳው፣ አንዴ ወደ ባሌ ሲዞር አድሯል። እንቅልፍ ሳይሆን የእንቅልፍ ዳርቻ ላይ ነበር የተኛሁት። ስለዚህ ያን ጠዋት ክፍሉ ትንሽ ይንሳፈፍብኝ ነበር፤ አልጋው፣ ኮመዲኖው፣ መስኮቱ ላይ የተሰጣው ካልሲ ሁሉ ከቦታቸው አንድ ጣት ያህል ከፍ ብለው የቆሙ ይመስሉኝ ነበር።

ከክሊኒኩ የተሰጠኝን ወረቀት አንስቼ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ሰባት፤ የብረት ዓይነት። ርካሽ ጌጣጌጥ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የሱሪ ቁልፍ።» ዞር ስል ማጉያውን ከዓይኑ ነቅሎ የግራ እጄን ያያል፤ ሃያ አንድ ዓመት ያጠለቅኩትን ቀለበት፣ ሥሩ ሲያሳክከኝ ሳሙና ነው፣ ሲጠቁር ላብ ነው እያልኩ የኖርኩትን ቀለበት። «ያኔ እጅ አጥሮኝ ነበር» አለ። «ላዩ ብቻ ነው ወርቅ። ልነግርሽ ስል፣ ስል…» አልጨረሰውም። ሳቄ መጣ። ፕላስተሩ እንዳይላቀቅ እየፈራሁ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። ሰው ሃያ አንድ ዓመት የደበቀውን ነገር የገዛ ሚስቱ ጀርባ ሲያወጣበት እንዴት አይሳቅ! እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ቀረ። አሳዘነኝ። ቀለበቱን አውልቄ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለትና «በል ወደ ሱቅህ ውሰደው፤ ለአንዱ ሰዓት መለዋወጫ ይሆንሃል» አልኩት። ያኔ ትንሽ ፈገግ አለ።

«አሥራ ሁለትስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ልቤ ያለው እዚያ ነበር።

ማጉያውን መልሶ ሰካ። ትንፋሹ ትከሻዬን ይነካኛል። «ካሬዋ ጥቁር ናት» አለ፤ «ዙሪያዋ ግን ንጹህ ነው።» ደግመህ እይ አልኩት። ደግሞ አየ። «ንጹህ ነው አልኩሽ እኮ፣ ሴትዮ።»

አሥራ ሁለት ቁጥር የዕለት ጉርሴ ነው። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ የግድግዳ ሳይሆን የሽበት። በታላቅ እህቴ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ሽበት ሳጠቁር ሃያ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ሰፈሩ «የቤቱ ጥቁር» ይለዋል። ሌላ ቦታ የተቀባ ፀጉር እንደ ጫማ ቀለም ያብረቀርቃል፤ የእኛ ግን ከነጥቁረቱ የተወለደ ይመስላል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ እኛ የምንቀባው በባዶ እጅ ነው። «ጓንት ለሌባ ነው» ትላለች እትዬ፣ ደንበኛው ሁሉ እየሳቀ። ቀለሙ ፀጉሩን ሲይዝ የምትመጣ ትንሽ ሙቀት አለች፤ እሷን ጣት እንጂ ጎማ አይሰማትም። ጣት ሲሰማት ወዲያው ይታጠባል፤ ከዘገየ ፀጉሩ ይደርቃል፣ ከቸኮለ ደግሞ ይቀላል። በዓለም ላይ የማውቀው ይህችን ነገር ብቻ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ጣቶቼ መሰንጠቅና ውሃ መቋጠር ጀመሩ። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ አንዲት የሙሽራ እናት ቀብቼ፣ በማግስቱ ፊቴ አብጦ ዓይኖቼ ተከደኑ። ሦስት ቀን ሙሉ ባሌን በድምፁ ብቻ ነበር የማውቀው።

የክሊኒኩ ሐኪም ልጅ እግር ናት፤ ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣች ነው የምትመስለው። ግን ስትናገር ሰው አታጣድፍም። «ሰውነትዎ ጠባቂዎች አሉት» አለችኝ። «ሥራቸው የሚገባ የሚወጣውን መለየት ነው። ተህዋሲያን ሲመጡ ይዋጋሉ፣ ጤነኛ ነገር ሲመጣ ያሳልፋሉ። አንዳንዴ ግን ምንም የማያደርገውን ነገር ጠላት ነው ብለው ይይዙታል። ከያዙት በኋላ መልኩን አይረሱም። ጉዳቱ ከነገሩ አይደለም፤ ጠባቂዎቹ ከሚያነሱት ግርግር ነው።» እኔም የሆዴን ጠየቅኳት፤ ሃያ ሦስት ዓመት ችሎኝ የኖረው ቆዳ ዛሬ ምን አስቆጣው? «ችሎ አልነበረም» አለችኝ፤ «እያጠና ነበር። ያንዱ ሰው ቆዳ በሳምንት ይማራል፣ የሌላው ሃያ ዓመት ይፈጅበታል፣ ጨርሶ የማይማርም አለ። ከተማረ በኋላ ግን በየጊዜው ይብሳል እንጂ አይሻለውም። ዛሬ ዓይን ያበጠ፣ ነገ ጉሮሮ አያብጥም ብዬ አልምልልዎትም።» ንብ ሲነድፍ ወዲያው እንደሚያፍነው ዓይነት አይደለም የእኔ፤ ጠባቂዎቹ እየተጠራሩ የሚመጡበት፣ አንድ ሁለት ቀን የሚወስድ ነው። ለዚህ ነው ካሬዎቹ ሁለት ቀን የሚቆዩት። ክሊኒኩ ውስጥ የፀጉር ቀለሙ መፈተኛ ካለቀ ስለሰነበተ፣ የምሠራበትን ዱቄት ራሴ እንዳመጣ ታዘዝኩ። እትዬ በትንሽ ብልቃጥ ሞልታ፣ በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ። ነርሷ ከቫዝሊን ጋር ለውሳ አሥራ ሁለት ቁጥር አደረገችው። አሥራ ሁለት ከቀላ ቀለም የሚባል ነገር ዳግም አልነካም፤ ተራ ጓንትም አያድነኝም፣ ያልፈዋል። ካልቀላ ግን ነገ ሥራዬ ላይ ነኝ። የሚነቀለው ያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ነበር።

ወደ ፀጉር ቤቱ ስሄድ መንገዱ ጥጥ የተነጠፈበት ይመስለኝ ነበር። የታክሲ ጥሩንባ ከሩቅ ይሰማኛል፣ ታክሲው ግን አጠገቤ ነው። ንጹህ ነው፣ ንጹህ ነው እያልኩ በልቤ እዘምራለሁ። ጀርባዬ ላይ ሃያ አራት ነገር ተሸክሜ፣ ሰዎች በአጠገቤ ሲያልፉ ምን እንደተሸከምኩ አለማወቃቸው ደስ ይለኝ ነበር። ቤታችን ከአንድ ብርድ ልብስ መሸጫና ከአንድ ፎቶ ቤት መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ወንበር፣ ሦስት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ከነሱም አንዱ ከተበላሸ ዓመቱን ደፍኗል፤ ግን እትዬ ቤቱ ሞላ ያለ እንዲመስል አታወጣውም። መስታወቱ ጠርዝ ጠርዙን ዝጓል። ግድግዳው ላይ ያለው የዋጋ ወረቀት የቀለም ዋጋ ሦስት ጊዜ ተሰርዞ፣ በመጨረሻ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል። ከኋላ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ የእኔ አገር። ጎድጓዳ ሳህኖቹ፣ ብሩሾቹ፣ ዱቄቱ ያለበት ክብ ቆርቆሮ፣ መለወሻው ውሃ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ስላልነካው አቧራ ጠጥቷል። እትዬ እግዜር ይማርሽ እንኳን ሳትለኝ «ሚጡ፣ ፎጣ እጠፊ» ብላ ላከችኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አሁንም ሚጡ ነው የምትለኝ።

ፎጣ እያጠፍኩ ሳለ ከመጋረጃው ማዶ የምትቆረጠው ደንበኛ «ያቺ ቀለም ቀቢሽስ? ታማለች ይባላል» ስትል ሰማሁ። መቀሱ አልቆመም። «ኤዲያ! ምንም የለባትም» አለች እትዬ። «ዛሬ አሥር ሰዓት ይነቀልላታል፣ ምንም አይገኝባትም፣ ነገ እዚሁ ናት። አለርጂ ድሮ የት ነበር? ሥራ ሲሰለች የሚመጣ ነገር ነው።» ሴትየዋ ሳቀች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔ ጆሮ ግን ያን ቀን ባዳ መሆኑን ረሳ። ሃያ ሦስት ዓመት ያለ ምክንያት አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም፤ የወለድኩ ሰሞን እንኳ በአርባ አምስተኛው ቀን ልጄን ፎጣ መደርደሪያው ላይ አስተኝቼ ቀብቻለሁ። ወጥቼ ይህን ሁሉ ልነግራት አማረኝ። ግን አልወጣሁም፤ እኛ ቤት ነገር አይወጣም። እናታችን ስትሞት እንኳ እኔና እትዬ ልብሷን ተካፍለን አጠፍን እንጂ ቃል አልተለዋወጥንም። ፎጣውን አጠፍኩ። ያጠፍኩትን ፈትቼ መልሼ አጠፍኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ደንበኛ ሲጠፋ ዳቦና ሻይ አስመጥተን ወንበሮቹ ላይ ተቀመጥን፤ እኔ እንዳልደገፍ ጫፉ ላይ፣ እሷ ተደላድላ። በመስታወቱ ውስጥ ነው የምንተያየው፤ ፊት ለፊት ስንተያይ ትዝ አይለኝም። የቀለበቱን ነገር ስነግራት ሳቀች፤ ከሚገባው በላይ ረጅም ሳቅ። ስለ አሥራ ሁለት አልጠየቀችኝም። ያኔ ልብ አላልኩትም። እኔው ነኝ «የቀለሙ ንጹህ ነው እኮ፣ እትዬ፤ ባሌ ሁለት ጊዜ አየው» ያልኳት። ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሻዩ ገና አጋማሽ ነበር። «እሰይ፣ ተመስገን በያ» አለችና ተነስታ ያልቆሸሸ ወለል መጥረግ ጀመረች። እኔም ደስታዬን ብቻዬን ያዝኩ። የተበላሸው ካስክ ሥር ተቀምጬ ዓይኔ ሲከደን ጠባቂዎቹን አየኋቸው፤ ሐኪሟ የነገረችኝን። በቆዳዬ ደጃፍ ላይ ካፖርት ለብሰው የተቀመጡ ትንንሽ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በእግራቸው ሥር ፋኖስ። ጥቁር ቀለም እንደ ውሃ እየፈሰሰ ሲመጣ አንዱ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ያየዋል፣ ያየዋል፣ ያየዋል። «ይኼን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?» ይላል ለጓደኛው። ጓደኛው አያውቅም። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ሲጠያየቁ አየኋቸው።

የቀሰቀሰችኝ የበሩ ደወል ነች። ቲቸር ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው እንዲሁ ነው፤ ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ግን መንገድ ላይ ሲያልፉ ጎረምሶች እንኳ ሲጋራ ይደብቃሉ። ነጠላ ሽበት እንኳ አሳይተው የማያውቁት ሴትዮ በሦስት ሳምንት ሥር ሥሩ ነጥቶባቸው መጥተዋል። «ልጄ፣ በሞትኩት!» አሉኝ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ። «ነገ ጠዋት መጀመሪያ ያስተማርኳቸው ልጆች ተሰብስበው ሊያዩኝ ነው። እነሱ ሁሉ ሸብተዋል፤ እኔ ጥቁር ሆኜ ልያቸው። ሌላ ቤት ሄጄ ምን እንዳደረጉኝ ታስታውሻለሽ፣ ቁራ አስመስለውኝ ነበር።» እትዬ «ቲቸር፣ ነገ በማለዳ ይምጡ፤ ዛሬ አትችልም» አለች። «ነገ በማለዳ እኮ ነው የሚወስዱኝ!» ድምፃቸው ሲሰበር ሰማሁ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነው። አሥር ሰዓት ሊነቀል ያለውን ፕላስተር ለአንድ ሰዓት ተኩል ብሎ ሰው ማሳዘን ምንድን ነው? ንጹህ መሆኑን አይቻለሁ። ደግሞ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ጣቶቼ ናፍቀዋቸው ነበር። ሥራ ሰለቻት ያለችው እህቴም ትየኝ ብያለሁ። «ይቀመጡ ቲቸር» አልኩና ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጌ ወደ መጋረጃዬ ገባሁ።

የቆርቆሮውን ክዳን ስከፍተው ያ የማውቀው ሽታ መጣ፤ እንደ ዝናብና እንደ ብረት ያለ። ጎድጓዳ ሳህኑን አቧራውን ጠረግሁ። በማንኪያ ለካሁ፣ ውሃውን ጨመርኩ፣ በብሩሽ ጀርባ አዞርኩት። ቀስ እያለ ጠቆረ። ይህን ጊዜ ሁልጊዜም እወደዋለሁ። እጅጌዬን ሰበሰብኩና ጣቶቼን ወደ ሳህኑ ሰደድኩ።

አንጓዬን የያዘችኝ እትዬ ናት። መጋረጃውን ስትከፍት አልሰማኋትም። «አትንኪው» አለች።

«ንጹህ ነው እኮ አልኩሽ።»

«አትንኪው፣ ሚጡ።» ፊቷ አመድ መስሏል። አያያዟ ያሳምማል፤ አጥንቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። «እዚያ ያለው ቀለም አይደለም። ከሰል ነው። ከሰል ወቅጬ ነው የሰጠሁሽ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቃላቱ ገቡ፣ ትርጉማቸው ግን መንገድ ላይ ቀረ። ጀርባዬ ላይ ከሰል ተሸክሜ ሁለት ሌሊት በሆዴ እንደተኛሁ፣ ጠዋት ባሌ በማጉያ ያየልኝና በመንገዱ ሁሉ የዘመርኩለት ንጹህነት የከሰል መሆኑን፣ ቀስ በቀስ ነው የደረስኩበት። ለምን አልኳት። እንዳልሄድባት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ብቻዋን ናት፣ ባል የለ ልጅ የለ፣ ቤቱ ያለ ቀለም ሁለት ወር አይቆምም። እንዲያ ብትለኝ ኖሮ ምናልባት አቅፌያት ነበር። አላለችም። እጄን ለቀቀችኝና የራሷን እጆች በሽርጧ ጠቀለለቻቸው። «ሐኪም ቤት የበሽታው ስም ከወጣ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነው» አለች። «እኔን የጀመረኝ አንቺ ሳትመጪ ነው።»

ያኔ ትዝ አለኝ። ሃያ ዓመት ሆኖኝ ከእናታችን ቤት ሻንጣ ይዤ የመጣሁ ሰሞን፣ እትዬ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ፣ ጣቶቿ በፋሻ ተጠቅልለው ነበር። እንፋሎት አቃጠለኝ አለችኝ። ፊቷ ትንሽ አብጦ ነበር፤ ሳለቅስ ከርሜ ነው አለችኝ፤ የምታለቅስበት ነገር ባይኖርም ስታለቅስ ታየኝ። በሳምንቱ ሳህኑን በእጄ ሰጠችኝ። የመጀመሪያዋን ሴትዮ ስጨርስ ፀጉሩን ወደ ብርሃን ወስዳ አገላብጣ አየችና፣ በደንበኛ ፊት «ከእኔ እጅ የእሷ እጅ ይሻላል፤ ከዛሬ ጀምሮ ቀለም የእሷ ነው» አለች። ቤቱ አጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ቀለም ነክታ አታውቅም፤ መቀስና የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ብቻ። እኔም ያቺን ምስጋና ይዤ ኖርኩ። ቤቴ ሲከፋኝ፣ ኑሮ ሲከብደኝ፣ ሌላ ሴት የተማረችውን ሳልማር ቀረሁ ብዬ ሲሰማኝ፣ ከእትዬ እጅ የሚሻል እጅ አለኝ እል ነበር። ሰው እንዲህ ባለ ነገር ይኖራል፤ እኔ ኖሬበታለሁ።

ልሰድባት አፌን ከፍቼ የወጣው የሕፃን ጥያቄ ነው። «እጅሽ ይሻላል ያልሽኝስ?» አልኳት። «እሱም ውሸት ነው?»

«እሱን አሁን ብነግርሽ ታምኚኛለሽ?» አለች እትዬ።

ከመጋረጃው ወዲያ ወንበር ተንቀጫቀጨ። ቲቸር ፎጣውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ ሻርፓቸውን ሲያስሩ ደረስኩ። «እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ፣ ሁሉን እንደሰሙ ዓይናቸው እየነገረኝ። በሩን ከፍተው ከወጡ በኋላ ተመልሰው አንገታቸውን አስገቡና «ሽበትም የሰው ነው» አሉኝ። ከዚያ ሄዱ። እኔ ከቆርቆሮው ዱቄት በማንኪያ ጫፍ ጨልፌ፣ ንጹህ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩ። ያቦካሁትን ቀለም ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ጥቁሩ ተጠማዝዞ ወረደ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

አንድ አሥር እርምጃ እንደሄድኩ የቤታችን መዝጊያ ሲወርድ ሰማሁ። እትዬ በሥራ ቀን መዝጊያ አውርዳ አታውቅም። ዞር ብዬ አላየሁም። ጫማዋ ግን ከኋላዬ ይሰማኛል፤ እኔ ስፈጥን ይፈጥናል፣ መብራት ላይ ስቆም ይቆማል። እንደዚያ ሆነን ብርድ ልብስ መሸጫውን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ ጎማ የሚነፉበትን ጥግ አለፍን። ቀኑ ለስላሳ ነበር፤ ብርሃኑ የትም ሳያርፍ በአየር ላይ የቆመ ዓይነት። ጀርባዬ ያሳክከኝ ነበር፣ ሰባት ቁጥር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሌላም ቁጥር የሌለበት ቦታ ያሳክከኝ ነበር፤ እዚያ እጅ አይደርስም። እጠላታለሁ ብዬ አሰብኩ። ቃሉን በልቤ ደጋግሜ ስለው ቅርጹን እያጣ ሄደ፤ እኔና እሷን ሆድና ጀርባ ያደረገን ነገር በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ መቼ እንደገባ ልይዘው አልቻልኩም። ክሊኒኩ መጠባበቂያ ውስጥ በመካከላችን አንድ ባዶ ወንበር ትተን ተቀመጥን። አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ መጣችና መካከላችን ተቀመጠች።

ስገባ እትዬም ተከትላኝ ገባች። ማንም ነይ ያላትም፣ ሂጂ ያላትም የለም። ነርሷ ፕላስተሩን አንድ በአንድ ላጠችው። «ሰባት፣ ብረት፤ ኧረ ይኼ ቀልቷል፣ አብጧል። አሥራ ሁለት…» አለችና ጥቁሩን በጥጥ ጠረገችው። «ንጹህ! ዕድለኛ ነሽ!» ሐኪሟ ፈገግ ብላ ልትጽፍ እስክሪብቶ ስታነሳ ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ቀለሙ ይኼ ነው» አልኳት። «የበፊቱ ከሰል ነበር።» ሐኪሟ አንዴ እኔን፣ አንዴ ብልቃጡን አየች። «ከሰሉን ማን አደረገው?» ስትል፣ ከበሩ በኩል «እኔ» የሚል ድምፅ መጣ። «እህቷ ነኝ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ለእኔ ብቻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደገና መለጠፍ እንዳለበት፣ ሌላ ሁለት ቀን እንደሚወስድ፣ ግን ከታሪኬ አንጻር እስከዚያ እንዳልነካው ነገረችኝ። እኔ ግን መልሱን አውቄዋለሁ። የእትዬ ጣት ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት መልሶታል። ነርሷ አዲሱን ካሬ ስትለጥፍልኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሸሚዜን ቆልፌ ስጨርስ እትዬ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ ቆማለች። «ለእኔም ለጥፉልኝ» አለች።

«ለእርስዎ ደግሞ ለምን?» አለች ነርሷ። «አሁን ያሳክክዎታል?»

«አሁን አያሳክከኝም። ቀለሙ ዛሬም ያውቀኝ እንደሆነ ልይ።»

ሐኪሟ ጥቂት አሰበችና ለነርሷ አንገቷን ነቀነቀችላት። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የቀሚሷን ቁልፎች መፍታት ጀመረች። ጣቶቿ እሺ አላሏትም፤ እኔም አልረዳኋትም። በመጨረሻ ቀሚሱ ከትከሻዋ ወረደ። እህቴን ራቁቷን ካየኋት ዘመን ሆኗል። ጀርባዋ ያረጀ ነበር። አከርካሪዋ ይቆጠራል፤ ቀኝ ትከሻዋ ከግራዋ ዝቅ ብሏል፣ ሠላሳ ዓመት መቀስ ከፍ አድርጎ በመያዝ የመጣ መሆን አለበት። ቀሚሱ ይንሸራተት ስለነበር ነርሷ «እስቲ ያዢላት» አለችኝ። ያዝኩላት። እስክሪብቶው ሲነካት እትዬ ደንገጥ አለች።

«ሚጡ፣ አለሽ?» አለች ወደ ግድግዳው።

«አለሁ» አልኳት። ጨርቁ በእጄ ውስጥ ሞቃት ነበር። «ከነገ ጀምሮ ግን አልመጣም።»

ነርሷ የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች ጽፋ አራት ላይ ቆመች፤ እጇን አነሳች፤ ጠበቀች። የእህቴ ትከሻዎች አንድ ቦታ መርጋት አቅቷቸው ነበር።

«አይዞዎት እማማ» አለች ነርሷ፤ «ትንሽ ብቻ አይንቀሳቀሱ፣ ቁጥሩ ይበላሻል።»